ኦርጋኖፖኒኮ

ኦርጋኖፖኒኮ በኩባ ከተሞች፣ በተለይም በሃቫና፣ ባዶ ቦታ ላይ አትክልት ተመርቶ ለሰፈሩ ነዋሪ የሚሸጥበት የከተማ ግብርና ዓይነት ነው። የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1991 ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ ነው። ኩባ ከሶቪየት ኅብረት ታስገባው የነበረው ነዳጅና ማዳበሪያ በእጅጉ በመቀነሱ ምግብን ከገጠር ማጓጓዝ አዳጋች ሆነ። መንግሥትም ክፍት ቦታዎችን ለአልሚዎች ሰጠ፤ የሰጠው ግን የመጠቀም መብት እንጂ ባለቤትነት አልነበረም።

አሠራር፦ የከተማ አፈር ብዙ ጊዜ የተጠቀጠቀና ፍርስራሽ የበዛበት በመሆኑ በቀጥታ አይዘራበትም። ዙሪያቸው በብሎኬት፣ በድንጋይ ወይም በጣውላ የተገደበ ረጃጅም መደቦች ተሠርተው በአፈርና በኮምፖስት ይሞላሉ። ከኮምፖስቱ ከፊሉ ፍግና ተረፈ ምርት ለትል ተሰጥቶ የሚዘጋጅ ነው። ተባይ ለመከላከል በመደቦቹ ጫፍ በቆሎና ማሽላ ይተከላል። ሰላጣ፣ ቆስጣና ሽንኩርት ተቆርጠው እዚያው በር ላይ ይሸጣሉ።

ምሳሌ፦ በምሥራቅ ሃቫና የሚገኘው ቪቬሮ አላማር እ.ኤ.አ. በ1997 በጥቂት ሰዎች የተቋቋመ የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። በኋላ ይዞታው 10 ሄክታር ገደማ ደርሷል።

ውስንነት፦ ዘዴው ቶሎ ለሚደርሱና ቶሎ ለሚበላሹ ቅጠላ ቅጠሎች ይስማማል። እህልን ግን አይተካም፤ ኩባ ዛሬም ስንዴ ከውጭ ታስገባለች።