የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ትምህርት በምዕራብ ጎጃም

አንድ ፕሮጀክት ሳይጀመር በመሬት፣ በውኃና በሰው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት መርምሮ ማቃለያውን የሚያመለክት ባለሙያ የሚያፈራ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት። የሙያው ሕጋዊ መሠረት አዋጅ ቁጥር 299/1995 ነው። ለፍኖተ ሰላምና ለአካባቢዋ ቅርቡ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ቡሬ ካምፓስ ሲሆን፣ የተፈጥሮ ሀብት አያያዝ ይሰጥበታል፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም የግብርናና አካባቢ ሳይንስ ኮሌጅ አለው። ዋናው ቤተ ሙከራ ግን ከግቢው ውጭ ነው፤ በአገሪቱ በመጀመሪያው ዙር ከተቋቋሙት አራት የተቀናጁ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኮች አንዱ በበርበሬዋ በታወቀችው ቡሬ ይገኛል። የእርሻ መሬት፣ የፋብሪካ ፍሳሽና የወንዝ ውኃ እዚያ ይገናኛሉ። አዋጁ የጥናቱን ወጪ የሚያሸክመው ባለፕሮጀክቱን ነው። አጥኚው እንጀራውን የሚያገኘው ከሚመረምረው ሰው ነው ማለት ነው፤ ይህን አጣብቂኝ የትኛውም የኬሚስትሪ ኮርስ አይፈታውም። በሌላ በኩል ሕጉ የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ተደራሽ ሆኖ አስተያየት እንዲሰጥበት ያዛል።