መሳቢያ ክፍል፦ ወጥቶ አልገባም ላለ ግድግዳ የሚሆን ስም

የብርዱን ወራት በአሪዞና በረሃ፣ ኳርትዝሳይት በምትባል ትንሽ ከተማ ዙሪያ ያሳለፉ ጡረተኞች ሙቀቱ መበርታት ሲጀምር ጓዛቸውን ሸክፈው ወደ ሰሜን ይመለሳሉ። ተጣጣፊው ወንበር ታጥፏል፣ የውኃው ጎማ ተጠቅልሏል፣ ውሻው ቦታውን ይዟል። የቀረው አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው። ይጫኑታል። ከወለሉ ሥር «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ሶፋውን፣ ፍሪጁንና መስኮቱን ተሸክሞ ወደ ውጭ የወጣው የመኪናው ጎን ግን ንቅንቅ አይልም። አሜሪካኖች ይህን የሚወጣና የሚገባ ክፍል «ስላይድ አውት» ይሉታል። እኛ ምን እንበለው?

አስቀድሞ ስለ ተሽከርካሪው ስም አንድ ነገር ልበል። መኝታ፣ ማድቤትና መታጠቢያ ያለውን ይህን ትልቅ መኪና ቃል በቃል ልተርጉም ያለ ሰው «የቤት መኪና» ላይ ይደርሳል፤ እዚያ ሲደርስ ግን ስሙን ሌላ ይዞት ያገኘዋል። የቤት መኪና ማለት በእኛ አገር ታክሲ ያልሆነ፣ ጭነት የማይጭን፣ በየግቢው የሚያድረው አውቶሞቢል ነው። ስለዚህ ሞተርሆም ብለን እንለፈው። ባስ፣ ሎደርና ጋራዥ ከነስማቸው ገብተው ተላምደውናል፤ ይህም ይለመዳል።

ክፍሉ የተፈለሰፈው በመንገድ ምክንያት ነው። በአሜሪካ አውራ ጎዳና ላይ የተሽከርካሪ ስፋት በመደበኛው ሕግ 2.6 ሜትር ገደማ ላይ ይቆማል። በዚህ ስፋት ውስጥ ሶፋና ምድጃ ፊት ለፊት ሲቀመጡ፣ አንዱ ሲያልፍ ሌላው ጉልበቱን መሰብሰብ አለበት። ኢንዲያና ውስጥ ያለው ኒውማር የተባለው አምራች በ1990 እ.ኤ.አ. መፍትሔውን በሞተርሆም ላይ አመጣ፦ መኪናው ሲጓዝ የሚሰበሰብ፣ ሲቆም ወደ ጎን የሚወጣ ክፍል። ዛሬ ሦስትና አራት እንዲህ ያለ ክፍል ያለው ሞተርሆም ብርቅ አይደለም።

ወደ ስሙ እንመለስ። መጀመሪያ አፍ ላይ የሚመጣው «ተንሸራታች ክፍል» ነው። ተንሸራታች በር የምንለው ስላለ አያስወቅስም። እኔን የሚከብደኝ ግን መንሸራተት በአማርኛ ሳይፈልጉት የሚደርስ ነገር መሆኑ ነው፤ እግር ይንሸራተታል፣ መሬት ይንሸራተታል። ይህ ክፍል በራሱ ዳጥ የሚሄድ ሳይሆን የሚገፋውና የሚስበው ኃይል ያለው ነው። «ተስፋፊ ክፍል» ያለ ወዳጅም ገጥሞኛል፤ ጎረቤቱን ሊወር የተዘጋጀ መንግሥት አስመሰለው።

የእኔ ምርጫ «መሳቢያ ክፍል» ነው። መሳቢያን ሁሉም ያውቀዋል፦ ከጠረጴዛ ወይም ከኮመዲኖ በሐዲዱ ላይ ወጥቶ፣ ዕቃውን እንደያዘ ተመልሶ ይገባል። ክፍሉም ሶፋና ሰው የሚይዝ መሳቢያ ነው። አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ የጠረጴዛ መሳቢያ ሲስቡት ይወጣል፣ ይህኛው ሲስቡት ይገባል። እውነት ነው። ስሙን የወደድኩትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የዚህ ማሽን ጣጣ ያለው መሳቡ ላይ ነውና። የመቆጣጠሪያውም ቁልፍ በአማርኛ ይጻፍበት ቢባል የባንክ ቤት በር ላይ ከምናውቃቸው ከ«ይግፉ» እና ከ«ይሳቡ» የተሻለ አይገኝም።

ለምን መሳቡ ላይ? መሳቢያ ክፍሎች ሁሉ በአንድ ዘዴ አይሠሩም፤ በኤሌክትሪክ ሞተርና በጥርስ የሚሄዱ፣ በገመድ የሚጎተቱም አሉ። ከባዶቹን ብዙ ጊዜ የሚያንቀሳቅሰው ሃይድሮሊክ ነው፤ ይኸውም ፓምፕ ዘይት ጨምቆ ወደ ሲሊንደር ይልካል፣ ዘይቱ ፒስተኑን ይገፋል፣ ፒስተኑ ክፍሉን ይገፋል። ገልባጭ መኪና ሲገለብጥ ያየ ሰው የነገሩን ግማሽ አይቷል። ልዩነቱ፣ የብዙው ገልባጭ ሣጥን በዘይት ይነሣና ዘይቱ ሲለቀቅለት በራሱ ክብደት ይመለሳል። መሳቢያ ክፍል ግን አግድም ስለሚሄድ የሚመልሰው ክብደት የለውም። ስለዚህ ዘይቱ ከፒስተኑ በወዲያኛው በኩል ገብቶ መልሶ መሳብ አለበት።

በሳቢው በኩል ደግሞ የፒስተኑ ዘንግ ቦታ ይይዛል። ፒስተኑ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ዘንጉ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አላቸው እንበል። በገፊው በኩል ዘይቱ የሚያርፍበት ስፋት 19.6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ በሳቢው በኩል ዘንጉ የያዘው ተቀንሶ 14.7 ብቻ ይቀራል። ፓምፑ በሁለቱም በኩል 100 ባር ቢሰጥ፣ የሚገፋው ወደ 2,000 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ነው፤ የሚስበው ግን በ1,500 ገደማ። አራተኛው እጅ ጠፋ ማለት ነው። ማታ በደህና የወጣ ክፍል ጠዋት፣ ባትሪው በሌሊቱ መብራት ደክሞ፣ ዘይቱ በብርድ ወፍሮ አልገባም ሲል የሚገርመን ይህን ስለማናስብ ነው።

አሁን ወደዚያች «ቀጭ» ወዳለችው ድምፅ። የዚህ ብልሽት ምርመራ የሚጀምረው በመፍቻ ሳይሆን በጆሮ ነው። ቁልፉ ተጭኖ ምንም ካልተሰማ፣ ፊውዙን ከማየት ጋር መኪናው ራሱ ከልክሎ እንደሆነ ይታይ፤ በብዙ ሞተርሆም የእጅ ፍሬን ካልተያዘ፣ አንዳንዱም የሞተር ቁልፉ በታዘዘው ቦታ ካልሆነ፣ መሳቢያ ክፍሉ አይታዘዝም። «ቀጭ» ብሎ ዝም ካለ ትእዛዙ ሪሌው ድረስ ደርሷል፤ ወደ ፓምፑ ሞተር የሚሄደው ትልቁ ኤሌክትሪክ ነው የቀረው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ባትሪውን ብቻ ለክቶ ደህና ነው ይላል። ሥራ ያልያዘ፣ የሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ የሚፈለገው ግን አንድ ሰው ቁልፉን ተጭኖ ሳለ በፓምፑ ሞተር ጫፍ ላይ ያለው ልክ ነው። ባትሪው ጋ 12፣ ሞተሩ ጋ 9 ከሆነ ኤሌክትሪኩ መንገድ ላይ እየባከነ ነው። ከሻሲው ጋር የታሰረው የዛገ የነጌቲቭ ገመድ የታወቀ ተጠርጣሪ ነው። ችግሩ የባትሪው ድካም ከሆነ ግን የመኪናውን ሞተር አስነሥቶ መሞከር ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ፓምፑ እየጮኸ ክፍሉ ካልተነቃነቀ ነገሩ የዘይት ወይም የቫልቭ ነው። ዘይቱን ሲያዩ ማስተዋል ያለብዎት፣ ክፍሎቹ ወጥተው ሳለ ከጋኑ የጎደለው ዘይት ሲሊንደር ውስጥ እንዳለ ነው። አምራቾች ሁሉም ነገር ተሰብስቦ ይለካ የሚሉት ለዚህ ነው፤ ክፍሉ ወጥቶ ሳለ ጋኑን እስከ አፉ የሞላ ሰው ክፍሉ ሲገባ ዘይቱን መሬት ላይ ያገኘዋል። ብዙዎቹ የሚጠቀሙት ቀዩን የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ስለሆነ መፍሰሱ በቀላሉ ይታያል። የሚፈስበትን ቦታ ግን በጣት ዳብሶ መፈለግ አይገባም፤ ከመርፌ ቀዳዳ በከፍተኛ ግፊት የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል፣ ጣት እስከ ማስቆረጥም ይደርሳል። ካርቶን ይበቃል።

ሌላ አቋራጭ አለ። በብዙ ሞተርሆም መኪናውን የሚያስተካክሉት ክሪኮችና መሳቢያ ክፍሉ የሚሠሩት በአንድ ፓምፕ ነው። ክሪኮቹ ከታዘዙ፣ ፓምፑም ዘይቱም ነፃ ናቸው፤ ጥርጣሬው ወደዚያ ክፍል ቫልቭ ወይም ሽቦ ይዞራል።

ፓምፑ እያቃሰተ ከሆነ ደግሞ እጅን ከቁልፉ ላይ አንሥቶ መዞር ነው። የሾፌሩ ወንበር ወደ ኋላ ተለጥጦ ክፍሉን ይዞታል? የመሳቢያው መሳቢያ (ማለቴ የማድቤቱ) ተከፍቶ ቀርቷል? ጣሪያው ላይ ቅርንጫፍ ወድቋል? መኪናው በክሪክ ተዛብቶ ሲቆምም ክፈፉ ጠመም ይልና ክፍሉ በበሩ ይያዛል። ሁለቱ ሲሊንደሮች እኩል ካልሄዱ ደግሞ አንዱ ጫፍ ቀድሞ ይገባና ክፍሉ ይሰነጋል፤ ያን ጊዜ መፍትሔው መታገል ሳይሆን መልሶ እስከ ጥግ ገፍቶ፣ ሁለቱም ጫፎች እስኪደርሱ ቁልፉን ጥቂት ሰከንድ ይዞ፣ እንደገና መሳብ ነው።

ይህ ሁሉ ካልሠራ የእጅ መንገድ አለ። ቫልቮቹ ላይ በትንሽ መፍቻ የሚላላ ብሎን ይገኛል፤ አንዳንዱን ፓምፕም በእጅ መሰርሰሪያ ማዞር ይቻላል። ቫልቩ ሳይከፈት ክፍሉን በሰው ጉልበት መግፋት ከንቱ ድካም ነው፤ በሲሊንደሩ የታሰረው ዘይት መውጫ የለውም። ከተከፈተ በኋላ ግን አራትና አምስት ሰው ተደርድሮ፣ ግድግዳውን ሳይሆን ጠንካራውን ጠርዝ ይዞ፣ ቀስ እያለ ያስገባዋል። ክፍሉ ከገባ በኋላ ብሎኑ ተመልሶ ይጠብቃል፤ ተረስቶ ከቀረ ዘይቱ መንገዱን አግኝቷልና፣ መኪናው አውራ ጎዳናው ላይ ሲታጠፍ ክፍሉ በራሱ ወደ ውጭ ይጀምራል። ያን ጊዜ እንኳ «ተንሸራታች» ብለው ቢጠሩት አልከራከርም።