ማይ ጠብ የትኛው ወንዝ ነው?

ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ዓ.ም. ልጅ ነበርኩ። ጎረቤቶቻችን ሬዲዮ ከበው የሄጉን ውሳኔ ሲጠብቁ ትዝ ይለኛል። «ባድመ የኛ ሆነች» ተባለ፤ እልልታው ቀለጠ። ኤርትራም «ፍርዱ ለኔ ነው» ማለቷን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። አንድ ፍርድ እንዴት ሁለት ረቺ ይኖረዋል?

ውሳኔውን ፈልጌ አነበብኩት። ወሰኑን በሚደነግገው የመጨረሻ ክፍል «ባድመ» የሚል ስም የለም። ያሉት ተራ ቁጥር የተሰጣቸው ነጥቦች ናቸው። መንደሯ በኤርትራ በኩል መውደቋ አከራካሪ መሆኑ ያበቃው በ1995 ዓ.ም. ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ የተፈረመው ስምምነት ለአምስቱ ዳኞች የሰጠው ሥልጣን ጠባብ ነበር። አጤ ምኒልክ ከኢጣሊያ ጋር በ1892፣ በ1894 እና በ1900 ዓ.ም. የተዋዋሏቸውን ሦስት ውሎች ይተርጉሙ፣ አግባብ ያለውን ዓለም አቀፍ ሕግም ይመልከቱ እንጂ «ለዚህኛው ይገባዋል» ብለው በርትዕ እንዳይፈርዱ ተከልክለዋል። የአፍሪካ መሪዎችም በሐምሌ 1956 ዓ.ም. ካይሮ ላይ፣ ነጻነት ሲገኝ የነበረው ወሰን ይከበር ብለው ተስማምተው ነበር። ቅኝ ገዥ የቀደደው መሬት በቅኝ ገዥ ቀለም ይሰፋል ማለት ነው፤ እኔን እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

የ1894ቱ ውል ወሰኑ ሰቲት ከማይ ጠብ ጋር ከሚገናኝበት ተነሥቶ ወደ መረብ ይሄዳል፣ ኩናማዎችም በኤርትራ በኩል ይሆናሉ ይላል። ታዲያ ማይ ጠብ የትኛው ነው? ኢትዮጵያ በምዕራብ ያለውን ጅረት አሳየች፤ ኤርትራ ከዚያ ራቅ ብሎ ወደ ምሥራቅ ጠቆመች። ዳኞቹ የዘመኑን ካርታዎችና ስለ ኩናማ የተነገረውን ዓላማ መርምረው ከምዕራቡ ጅረት ይልቅ ቶምሳ ሰቲትን የሚገናኝበትን መረጡ። ከዚያ እስከ ማይ አምበሳና መረብ መጋጠሚያ ቀጥታ መስመር አሰመሩ። ኢትዮጵያ ባድመን አስተዳድሬያለሁ ብላ ያቀረበችው ማስረጃ በቂ አልሆነላትም። ሌላ ቦታ ግን የተከራካሪዎቹ የእምነት ቃል መስመሩን አንቀሳቅሷል፤ ዛላምበሳ ለኢትዮጵያ፣ ጾረና ለኤርትራ የሆኑት በዚህ ነው።

በወረቀት መወሰን አንድ ነገር ነው፤ ችካል መትከል ሌላ። ሁለቱ መንግሥታት አልተስማሙምና ኮሚሽኑ በኅዳር 2000 ዓ.ም. ወሰኑ በካርታው ነጥቦች ተካልሏል ብሎ ሥራውን ዘጋ። ኢትዮጵያ ውሳኔውን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ ያለችው በ2010 ዓ.ም. ነው። ሁለት ዓመት የፈጀውና በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው የበላው ጦርነት ያኔ ካበቃ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ችካሉ ከዚያ በኋላም አልተተከለም።