ኪቶሲስ በወተት ላሞችና በስኳር ሕሙማን

ኪቶሲስ ሰውነት ከስኳር ይልቅ ስብን በብዛት ለኃይል ምንጭነት ሲጠቀም ኪቶን የተባሉ ውህዶች በደም ውስጥ የሚከማቹበት ሁኔታ ነው። ክስተቱ በወተት ላሞችም በስኳር ሕሙማንም ላይ ይታያል። የሚከማቹት ውህዶች አንድ ዓይነት ቢሆኑም መነሻቸው ግን ተቃራኒ ነው። ላሟ የምትታመመው በደሟ ውስጥ ያለው ስኳር ስለሚያንሳት ሲሆን፣ የስኳር ሕመምተኛው የሚታመመው ግን አብዛኛውን ጊዜ በደሙ ውስጥ ስኳር ተትረፍርፎ ሳለ ሊጠቀምበት ባለመቻሉ ነው። የሕክምናቸው ልዩነትም የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

ኪቶን እንዴት ይመረታል?

ሕዋሳት በቂ ስኳር ሳያገኙ ሲቀሩ ሰውነት ያከማቸውን ስብ ያፈርሳል፤ ጉበትም ከፈረሰው ስብ አሴቶአሴቴት፣ ቤታ ሃይድሮክሲቡቲሬትና አሴቶን የተባሉትን ኪቶኖች ያመርታል። ጤናማ ሰው ለረጅም ሰዓታት ምግብ ሳይቀምስ ሲቆይ ኪቶን በጥቂቱ ይመረታል፤ አንጎልና ልብም ይጠቀሙበታል። ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን የስብን መፍረስ ስለሚገታ መጠኑ ከልክ አያልፍም። አደጋው የሚመጣው ይህ ሚዛን ሲፋለስ ነው። ከሦስቱ ሁለቱ አሲዶች በመሆናቸው በብዛት ሲከማቹ ደምን ያሲዳሉ፤ አሴቶን ደግሞ በትንፋሽ ስለሚወጣ ጣፋጭ ፍራፍሬ የሚመስል ሽታ ይፈጥራል።

በወተት ላሞች

ላም የበላችው መኖ በትልቁ ጨጓራዋ ውስጥ ባሉ ረቂቅ ሕዋሳት ስለሚብላላ ወደ ደሟ በቀጥታ የሚገባው ግሉኮስ እጅግ ጥቂት ነው። ጉበቷ አብዛኛውን ግሉኮስ የሚሠራው ከብልላቱ ከሚገኘው ፕሮፒዮኔት ነው። ለአንድ ሊትር ወተት ደግሞ 70 ግራም ገደማ ግሉኮስ ያስፈልጋል። በቀን 40 ሊትር የምትታለብ ላም ለወተቷ ብቻ ወደ 3 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ግሉኮስ ማምረት ይኖርባታል ማለት ነው።

ከወለደች በኋላ የወተቷ መጠን በፍጥነት ሲጨምር የመብላት ፍላጎቷ ግን ወደ ኋላ ይቀራል። ጉድለቱን ለማሟላት ስቧን ታፈርሳለች። በዚህም የተነሳ ሕመሙ በአብዛኛው የሚታየው ከወለደች በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት ነው፤ በምትወልድበት ጊዜ ከመጠን በላይ የወፈረች ላም ይበልጥ ትጠቃለች። ምልክቶቹም ድብልቅ መኖን መጥላት፣ የወተት መቀነስና ፈጣን ክሳት ናቸው፤ አንዳንድ ጊዜም ላሟ ዕቃዎችን ደጋግማ ትልሳለች ወይም ስትራመድ ትንገዳገዳለች። ምልክት የማይታይበት ዓይነትም አለ፤ በደም ውስጥ ያለው ቤታ ሃይድሮክሲቡቲሬት 1.2 ሚሊሞል በሊትር ሲደርስ ወይም ከዚያ ሲያልፍ የወተት ምርት ሊቀንስ፣ የአራተኛው ጨጓራ ከቦታው የመንሸራተት አደጋም ሊጨምር ይችላል።

የተለመደው ሕክምና 300 ሚሊ ሊትር ገደማ ፕሮፒሊን ግላይኮል በቀን አንድ ጊዜ ለጥቂት ቀናት በአፍ መስጠት ነው፤ ጉበት ይህን ወደ ግሉኮስ ይለውጠዋል። ሕመሙ ሲጠና የእንስሳት ሐኪም ግሉኮስን በደም ሥር ይሰጣል። ተራ ስኳር በአፍ ማጠጣት ግን በጨጓራ ውስጥ ስለሚብላላ እምብዛም አይጠቅምም።

በኢትዮጵያ አነስተኛ ወተት የሚሰጡት አገር በቀል ላሞች ለዚህ ሕመም ያላቸው ተጋላጭነት ዝቅተኛ ነው። በከተሞች ዙሪያ የሚረቡት ከሆልስታይን ጋር የተዳቀሉ ላሞች ግን ወተታቸው በጨመረ መጠን ጥንቃቄ ይሻሉ።

በስኳር ሕሙማን

በተለይ በዓይነት 1 የስኳር በሽታ ቆሽት ኢንሱሊን አያመርትም ወይም የሚያመርተው እጅግ ጥቂት ነው። ያለ ኢንሱሊን ግሉኮስ ወደ አብዛኞቹ ሕዋሳት በበቂ መጠን አይገባም፤ የስብ መፍረስም የሚገታው ያጣል። ደሙ በስኳርም በአሲድም ሲሞላ ኪቶአሲዶሲስ የተባለው ለሕይወት አስጊ ሁኔታ ይከሰታል። ብርቱ ጥማት፣ ተደጋጋሚ ሽንት፣ ትውከት፣ የሆድ ሕመምና የአእምሮ መደንዘዝ ይታያሉ። ጀርመናዊው ሐኪም አዶልፍ ኩስማውል በ1874 የገለጸው ጥልቅ አተነፋፈስም ከምልክቶቹ አንዱ ነው፤ ሰውነት አሲዱን ለማቃለል የሚያደርገው ጥረት ነው።

ኢንሱሊን ከመገኘቱ በፊት ይህ ሁኔታ ወደ ሞት ያደርስ ነበር። በጥር ወር 1922 በካናዳ ቶሮንቶ ሊዮናርድ ቶምፕሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ በኢንሱሊን የታከመ የመጀመሪያው የስኳር ሕመምተኛ ሆነ።

ዛሬ ዋነኞቹ መነሻዎች ኢንፌክሽንና ኢንሱሊን ማቋረጥ ናቸው። በሙቀት የተበላሸ ኢንሱሊን መጠቀምም እንዲሁ ለአደጋ ይዳርጋል። ስለዚህ ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። በሞቃት አገሮች በመኪና ውስጥ መተው አይገባም።

እጅግ አደገኛው ስህተት የሚፈጸመው ሕመምተኛው ትኩሳት ወይም ትውከት ሲይዘው «ምግብ ስላልበላሁ መርፌው ይቅርብኝ» ብሎ ሲወስን ነው። በሕመም ጊዜ የሰውነት የኢንሱሊን ፍላጎት ብዙውን ጊዜ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። መጠኑ በሐኪም ምክር ሊስተካከል ይችላል፤ የመሠረታዊው ኢንሱሊን መቋረጥ ግን ኪቶአሲዶሲስን ይጋብዛል። መጾም የሚፈልግ ሕመምተኛም አስቀድሞ ሐኪሙን ማማከር ይኖርበታል።

በደም ውስጥ ያለው ኪቶን 3 ሚሊሞል በሊትር ከደረሰ ወይም ትውከቱ ካላቋረጠ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ሕክምናው በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽና ኢንሱሊን ሲሆን፣ የፖታሲየም መጠንም በቅርብ ይከታተሉታል። ኤስጂኤልቲ2 አጋጆች የተባሉትን መድኃኒቶች በሚወስዱ ሕሙማን ላይ የስኳሩ መጠን እምብዛም ሳይጨምር ኪቶአሲዶሲስ ሊከሰት ስለሚችል፣ የስኳር ልኬት ብቻውን ዋስትና አይሆንም።