የፍሬን ዘይት ሲበከል ማጠብ የሚበቃው መቼ ነው?

የሞተር ዘይቱን ጊዜ ጠብቆ የሚያስቀይር ባለመኪና የፍሬን ዘይቱን ግን ለዓመታት ዞር ብሎ ላያየው ይችላል። ጎደለ ሲባል ያስሞላል፣ በቃ። ጣጣው ብዙ ጊዜ የሚመጣው በዚሁ ሙሌት ነው።

የፍሬን ዘይት ስሙ ዘይት ይባል እንጂ ከሞተርም ሆነ ከመሪ ዘይት ጋር ዝምድና የለውም። ዶት 3 እና ዶት 4 ተብለው የሚሸጡት ፈሳሾች ከውሃ ጋር የሚዋሃዱ ናቸው፤ እንዲያውም እርጥበትን ከአየር ይስባሉ። አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት ይጠበቅበታል። 3.7 በመቶ ያህል ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን መለኪያው ወደ 140 ዲግሪ ይወርዳል። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ፍሬን እየረገጡ ለሚወርዱ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ፈሳሹ ሲፈላ እንፋሎት ይፈጠራል፣ እንፋሎቱም ስለሚታመቅ ፔዳሉ ያለ ኃይል እስከ ወለሉ ይሰምጣል። “ፍሬን በጠሰ” ሲባል ሁልጊዜ የተበጠሰ ነገር አለ ማለት አይደለም።

ብክለቱ የእርጥበት ከሆነ መፍትሔው ቀላል ነው፤ አሮጌውን ከአራቱም ጎማ አስወጥቶ በአዲስ መተካት ይበቃል። ብዙ አምራቾች ይህ በየሁለት ዓመቱ እንዲደረግ ይመክራሉ። የኤሌክትሪክ መኪናም ከዚህ ነፃ አይደለም።

የሞተር ወይም የመሪ ዘይት ከተቀላቀለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የሞተር ዘይት የተቀዳበት ጣሳ እንኳ ሊበክለው ይችላል። ዘይቱ የፍሬኑን የላስቲክ ጎሚኒዎች ያሳብጣል። ያበጠው ጎሚኒ የፈሳሹን መመለሻ ቀዳዳ ስለሚዘጋ ፍሬኑ እንደያዘ ይቀራል፤ ጎማው ይግላል፣ መኪናው ይከብዳል። የማጠራቀሚያው ክዳን ላስቲክ ተለጥጦ አልገጥም ካለም ይጠርጥሩ። ጥቂት ፈሳሽ ቀድተው ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ይጨምሩና ያማስሉት። ከውሃው ጋር ካልተዋሃደና ከላይ ከተንሳፈፈ ዘይት ገብቶበታል። (ሲሊኮን የሆነው ዶት 5 በተፈጥሮው ከውሃ ጋር ስለማይዋሃድ ይህ ሙከራ ለእርሱ አይሠራም።) ፈሳሹ መርዝ ነውና ብርጭቆውን ለመጠጥ አይመልሱት።

ስህተቱን እንደሞሉ ወዲያው ካወቁ ፔዳሉን አይርገጡ፤ ሞተርም አያስነሱ። ማጠራቀሚያው ላይ እንዳለ መጥጦ ማውጣትና ማጽዳት ከብዙ ወጪ ሊያድን ይችላል። ፔዳሉ ከተረገጠ ግን መኪናው ተጭኖ ወደ ጋራዥ ይሂድ። እዚያ “አጥበነዋል፣ ውሰዱት” ቢባሉ አይቀበሉ። ላስቲክ የጠጣውን ዘይት ማጠብ አያወጣውም። የማስተር ሲሊንደሩና የየጎማው ጎሚኒዎች፣ የላስቲክ ቱቦዎቹና የክዳኑ ላስቲክ መቀየር አለባቸው፤ ኤቢኤስ ካለው እርሱም ጭምር፣ ምንም እንኳ ዋጋው ቢያስደነግጥ። ፍሪሲዮኑ ከዚያው ማጠራቀሚያ የሚጠቀም ከሆነም አይታለፍ። የብረት ቱቦዎቹ ታጥበው ይቀጥላሉ፤ ነገር ግን በቤንዚን ወይም በናፍጣ ማጠብ ያንኑ ብክለት መልሶ ማስገባት ነው።

መኪናውን ሲረከቡ የወለቁትን ጎሚኒዎች ይጠይቁ። ከአዲሶቹ ጎን ሲያስቀምጧቸው እብጠቱ በዓይን ይለያል።