ገበሬው በኅዳግ ጽሑፍና በሐረግ ቆጠራ

የነገሥታትንና የመኳንንትን ታሪክ ለሚያጠና ሰው ዜና መዋዕሉና ገድሉ በእጁ ነው። አራሽ ቅድመ አያቱን ለመፈለግ የሚነሣ ግን ሌላ መንገድ መከተል ይኖርበታል። ገበሬው ስለ ራሱ አልጻፈም፤ የቤተ መንግሥት ጸሐፊም አልጻፈለትም። ስሙ የሚነሣው ባብዛኛው መሬት በሚያነጋግርበት ጊዜ ነው፤ ሲሸጥ፣ ሲሟገት፣ ሲመሰክር ወይም ዋስ ሲሆን።

በጽሑፍ ከሚገኙት ማስረጃዎች አንዱ የአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ኅዳግ ነው። በተለይ በጎንደር ዘመን፣ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ የመሬት ሽያጭና ስጦታ በብራና መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጾች ላይ ይሰፍር ነበር። ውሉ የሻጩን፣ የገዢውንና የምስክሮቹን ስም ይይዛል። ሴቶችም ሻጭና ገዢ ሆነው መገኘታቸው ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ይሁን እንጂ በእነዚህ ውሎች ጎልተው የሚታዩት መኳንንትና ካህናት ናቸው። በደቡብም መሬት በቃላድ ተለክቶ በጋሻ ሲመዘገብ፣ በመዝገቡ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ባለመሬቱ እንጂ ጭሰኛው አይደለም።

ስለዚህ ፈላጊው ወደ ቃል ማስረጃ፣ ማለትም ወደ ሐረግ ቆጠራ ይመለሳል። በጎጃም የርስት ሥርዓት ድርሻ የሚጠይቅ ሰው በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል ቆጥሮ መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው «ዋና አባት» መድረስ ነበረበት። አለን ሆበን በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ይህን ሥርዓት በሰፊው ገልጾታል። ከዚህ የምንረዳው ሐረግ ቆጠራ ደረቅ የስም ዝርዝር ሳይሆን የሙግት ንግግር መሆኑን ነው። መሬት ያተረፈ ዘመድ ይታወሳል፤ ያላተረፈው ከቆጠራው ይወድቃል። በመሆኑም ቆጠራውን የሚሰማ ተመራማሪ «ማን ተጠራ?» ብቻ ሳይሆን «ለየትኛው መሬት ተጠራ?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

የስም ነገርም ጥንቃቄ ይሻል። የቤተሰብ ስም ስለሌለን የአባት ስም በየትውልዱ ይለወጣል። ከዚህም በላይ አንድ ሰው በቤተ ክርስቲያን በክርስትና ስሙ፣ በአገሩ በዓለም ስሙ ስለሚጠራ፣ በሁለት ማስረጃ ሁለት ሰው መስሎ ሊታይ ይችላል።

ገበሬው ራሱም መመዝገብን ሁልጊዜ አልወደደም። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬዎች በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲነሡ፣ መሬታችን ተለክቶ ርስታችን ይወሰዳል የሚል ሥጋት አንዱ ምክንያታቸው ነበር። የመዝገቡ ባዶነት እንግዲህ የጸሐፊ ቸልተኝነት ብቻ ሳይሆን የገበሬውም መከላከያ ሊሆን ይችላል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የርስት ሙግትን አስቀረ። ከሙግቱ ጋር ቆጠራን ጠንቅቆ የመያዝ ምክንያትም ጠፋ። በርስት ሸንጎ ቆመው ሐረግ የቆጠሩ ሰዎች ዛሬ በጣም ጥቂቶች ናቸው። የሥነ ቃል ተማሪዎቻችን ተረትንና ምሳሌያዊ አነጋገርን ሲሰበስቡ ኖረዋል፤ ሐረግ ቆጠራም በዚያው ትጋት ከነአቆጣጠሩ፣ ከነመሬቱ ስምና ከነተቃዋሚው ቃል መቀዳት ይኖርበታል። ቆጣሪው ካለፈ በኋላ የሚቀረን ኅዳጉ ብቻ ነው፤ በኅዳጉ ላይ ደግሞ አራሹን የምናገኘው ከስንት አንድ ነው።