የቀደምት ስደተኞች ቀብርና የቤተሰብ አደራ

በመዲናው የበቂዕ መካነ መቃብር ከሙሃጂሮች መካከል በመጀመሪያ የተቀበሩት ዑስማን ኢብን መዝዑን (ረ.ዐ.) ናቸው። እኚህ ሶሃባ ቀደም ሲል ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት አንዱ ነበሩ። በአቡ ዳውድ ዘገባ እንደምናገኘው፣ በተቀበሩበት ዕለት ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አንድ ሰው ድንጋይ እንዲያመጣ አዘዙ። ሰውዬው ድንጋዩን ማንሳት ቢያቅተው ራሳቸው ተነሱና እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ተሸክመው አምጥተው ከራስጌው አኖሩት። ምክንያቱንም ገለጹ፦ የወንድማቸውን ቀብር ለይተው እንዲያውቁበትና ከቤተሰባቸው የሚሞተውን ከአጠገቡ እንዲቀብሩ ነው።

ስለ ቀብር ሲወራ ክርክሩ ወዲያው ወደ ግንባታና ወደ ጌጥ ይሄዳል። ቀብር ላይ መገንባት መከልከሉ የታወቀ ስለሆነ እዚህ አናነሳውም። የእኛ ጉዳይ ያ አንድ ድንጋይ ነው። ቤተሰብ የሙታኑን ቦታ ለይቶ ካላወቀ ምን እንደሚሆን ለማየት፣ ውድ አንባቢያን፣ ወደ ሩቅ አገር እንሂድ።

በአሜሪካ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ በኖርዝ ዳኮታ ክፍለ ግዛት፣ ሮስ የምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ አለች። ዙሪያዋ የስንዴ ሜዳ ነው፤ ክረምቱ እጅግ ብርቱ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከ1900 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ ዛሬ ሊባኖስና ሶሪያ ከሚባሉት፣ ያኔ ግን በኦቶማን መንግሥት ሥር ከነበሩት መንደሮች የመጡ ሙስሊም ቤተሰቦች እዚህ ሰፈሩ። ከነዚህ አንዱ የጁማ ቤተሰብ ነው። በ1899 አገሩን ለቆ፣ በፈረንሳይና በካናዳ በኩል አልፎ፣ ሱቅ በደረቴ እየሠራ ከእርሻ ወደ እርሻ ሲዞር ቆይቶ በ1902 ሮስ ላይ መሬት ያዘ። የቤተሰቡ እናት ይህን ታሪክ በ1930ዎቹ መጨረሻ መንግሥት ላሰማራቸው ጸሐፊዎች ስለነገሩ ዛሬ ልናውቀው ቻልን። ጠያቂ ባይመጣ ኖሮ ከእርሳቸው ጋር ይቀበር ነበር።

መሬቱ የተገኘው በ1862 በወጣው የሰፋሪዎች ሕግ ነው። ሕጉ ለአንድ ሰፋሪ 160 ኤከር፣ በእኛ አገር ልኬት ከአንድ ጋሻ ተኩል የሚበልጥ መሬት ይፈቅዳል። ሰፋሪው ግን አምስት ዓመት ኖሮበት፣ ቤት ሠርቶና አርሶ ማሳየት ነበረበት። ዜጋ ለመሆን ማመልከትም ግዴታ ነበር። ይህኛው ቀላል አልሆነም። ሶሪያውያን ለዜግነት ይበቃሉ ወይስ አይበቁም የሚለው ሙግት በፍርድ ቤቶች ሲንከባለል ቆይቶ ለሶሪያውያኑ የተፈረደላቸው በ1915 ነበር። መሬቱን እያረሱ፣ ልጅ እየወለዱ፣ ሙታናቸውን እየቀበሩ ዜግነታቸው ገና ያልለየለት ሰዎች ነበሩ ማለት ነው።

መስጂድ እስኪሠሩ ድረስ ሶላቱን በየቤቱ እየተሰባሰቡ ይሰግዱ ነበር። በ1929 ግማሽ አካሏ ከመሬት በታች የሆነች ቀለል ያለች መስጂድ ሠሩ። አንዳንዶች በአሜሪካ የመጀመሪያዋ መስጂድ ይሏታል። እንዲህ ያለው የቀዳሚነት ፉክክር ብዙ አይጠቅምም፤ ከመጀመሪያዎቹ አንዷ መሆኗ ይበቃል። ይልቅ የተሠራችበትን ዓመት ልብ በሉ። በዚያው ዓመት የኢኮኖሚ ውድቀቱ መጣ፣ ድርቁም ተከተለ። ብዙ ገበሬ መሬቱን ለቆ ሄደ። ልጆቹ በእንግሊዝኛ ተማሩ፣ ዐረብኛው ከቤት ወጣ፣ ስማቸው የአሜሪካ ስም ሆነ፣ ከጎረቤቶቻቸው ከክርስቲያኖቹም ጋር ተጋቡ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ሰጋጅ አጥታ የፈራረሰችው መስጂድ እንድትነሳ ተደረገ።

ቀብሩ ግን ቀረ። ከመስጂዷ የተገኘ ትምህርት ቢኖር ይህ ይመስለኛል፦ ሶላት የለመደ ትውልድ ሲያልፍ መስጂድ ባዶ ይሆናል፤ አባቱና እናቱ የተቀበሩበትን ቦታ ግን ሃይማኖቱን የለወጠ ልጅ እንኳ መጥቶ ሣሩን ያጭዳል። በሮስ የሆነው ይኸው ነው። የሰፋሪዎቹ ዘሮች፣ ሙስሊም ያልሆኑትም ጭምር፣ መቃብሩን ሲንከባከቡ ኖሩ። ኋላም ከሰፋሪዎቹ ልጆች አንዷ ባነሳሳችው ሐሳብ፣ እርሷ ካረፈች በኋላ፣ በ2005 ባለ ጉልላት ትንሽ መስጂድ እዚያው ከቀብሩ አጠገብ ተሠራች። በ2018 መካነ መቃብሩ በአገሪቱ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ገባ።

በመዝገብ የገባበት ስም ግን «የአሦር ሙስሊሞች መቃብር» የሚል ነው። አሦራውያን በአብዛኛው ክርስቲያን የሆኑ ሌላ ሕዝብ ናቸው። የሮስ ሰፋሪዎች ሶሪያውያን ነበሩ። በሁለት ትውልድ ውስጥ የዘር ስም እንዲህ ይዛነፋል።

ይህ ነገር እኛንም ይነካል። ዛሬ በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ የኢትዮጵያ ሙስሊሞች በዚያው መቅበር ጀምረዋል። የእኛ አጠራር ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው። የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለንም። የውጭ አገር ወረቀት ግን የሚፈልገው ሁለት ስም ነው፤ ስለዚህ አንዱ ወንድም በአባቱ፣ ሌላው በአያቱ ስም ይመዘገባል። ልጆቻቸውም ያንኑ ይወርሳሉ። የአንድ አባት ልጆች በአንድ መካነ መቃብር ተቀብረው፣ ድንጋያቸውን ያነበበ ሰው ባዳ ናቸው ብሎ ያልፋል። ዝምድናን ለመቀጠል የሚበቃ ያህል የዘር ሐረግን እንድንማር በሐዲስ መታዘዛችንን እያወቅን ይህን ማየት ያሳዝናል።

እድር ያለው ሕዝብ ለዚህ መፍትሔ አያጣም። እድራችን ቀባሪ ያሰባስባል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ሐዘንተኛ ያጽናናል። ከዚያ ላይ አንድ ደብተር መጨመር ነው፦ የሟች ስም እስከ ቅድመ አያት፣ የእናት ስም፣ የትውልድ መንደር፣ ቀኑ በሂጅራና በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ቀብሩም በስንተኛው ረድፍ እንደሆነ። ሰባት ቤት የሚቆጥሩ ሽማግሌና አሮጊት ሳሉ ቁጭ ብሎ ጠይቆ መጻፍ ደግሞ የልጆች ሥራ ሊሆን ይችላል። ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ የሚሠራ ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም።

በአገራችንም ቢሆን ቦታው ራሱ ዋስትና አይሆንም። በነጃሺ፣ ሶሃባዎች ያረፉበት ነው ተብሎ በሚከበረው ስፍራ፣ በ2020 በትግራዩ ጦርነት መስጂዱም መቃብሩም ጉዳት ደርሶባቸዋል። ከመቀሌ አቅራቢያ ከኩሓ ደግሞ ከ900 ዓመት ገደማ በፊት የተቀረጹ የቀብር ድንጋዮች ተገኝተዋል። በዚያ ዘመን በዚያ ደጋ ሙስሊሞች ይኖሩ እንደነበር የታወቀው በነዚሁ ድንጋዮች ነው። የተጻፈባቸውም በዐረብኛ የሟቹ ስም፣ የአባቱ ስምና የሞተበት ቀን ነው።